ሦስቱ ፀሐዮችና የሰው ኅሊና

ሰው በሰማይ ላይ ያልተለመደ ነገር ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ለእኔ ምን ይለኛል?» ብሎ ነው። የፊተኛው ጥያቄ የዕውቀት፥ የኋለኛው የኅሊና ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የሚያመጡትን ስሕተት ለመመርመር ሁለት ታሪኮችን እናስታውስ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1461 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ስለ ዘውድ በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት፥ ሞርቲመርስ ክሮስ በተባለው ስፍራ ሦስት ፀሐዮች በሰማይ ታዩ። ወታደሮቹ ደነገጡ። የዮርክ ወገን መሪ የነበረው ወጣቱ ኤድዋርድ ግን፥ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፥ በሥላሴ መስሎ አደፋፈራቸው። ድል አደረገ፤ ከድሉም በኋላ የተማረኩት መኳንንት አንገታቸው ተቀላ። በ1535 ዓ.ም. ደግሞ በስቶክሆልም ከተማ ላይ ክበቦችና ሐሳውያን ፀሐዮች በታዩ ጊዜ፥ ሕዝቡ እግዚአብሔር የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በለወጠው በንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ ላይ ተቈጣ ሲል አወራ። ኦላውስ ፔትሪ የተባለው ሰባኪ ነገሩን በሥዕል አስቀረጸው፤ በ1636 ዓ.ም. የተሣለው ቅጂ እስከ ዛሬ በከተማይቱ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

እነሆ፥ ያው ብርሃን ለአንዱ የድል ብሥራት፥ ለሌላው የቍጣ ደብዳቤ ሆነ። ነገሩ ግን በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። በከፍተኛው አየር ውስጥ ስድስት ጎን ያላቸው ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ብርሃን ባንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ሲወጣ ይታጠፋል፤ ብዙውም ከፀሐይ 22 ዲግሪ ያህል ርቆ ስለሚከማች ክብ ሆኖ ይታያል። ጠፍጣፎቹ ቅንጣቶች ተጋድመው ሲወርዱ፥ ፀሐይም ዝቅ ብላ ሳለች፥ በቀኝና በግራዋ ሁለት ሐሳውያን ፀሐዮች ይወጣሉ። በሞቃት አገርም ቢሆን የላይኛው ሰማይ ብርዳም ስለሆነ፥ ክቡ በእኛም አገር በፀሐይና በጨረቃ ዙሪያ ይታያል።

ከዚህም የሚደንቅ ነገር አለ። ወደ እያንዳንዱ ተመልካች ዓይን ብርሃኑን የሚልኩት ቅንጣቶች የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች አንድ ክብ ያዩ ይመስላቸዋል እንጂ፥ እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ነው። ትርጓሜውማ እንዴት አብልጦ የራሱ አይሆን!

ዕውቀት አድናቆትን ይገድላል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። ዕውቀት የሚገድለው ማመካኛን ነው። የጉስታቭ ቫሳ ሥራ ደግ ወይም ክፉ መሆኑ በሥራው ሊመረመር ይገባ ነበር እንጂ፥ በበረዶ ቅንጣት የሚፈረድ አልነበረም። የእነዚያ ምርኮኞች ደምም በሰይፍ ባዘዘው ሰው ላይ ነው እንጂ፥ በሦስቱ ፀሐዮች ላይ አይደለም።

ዛሬ በሦስት ፀሐይ የሚያመካኝ ጥቂት ነው፤ «ዕድሌ ነው»፥ «ዘመኑ ነው» የሚል ግን ሞልቷል። ባለሥልጣን ፍርድ ሲያጓድል፥ መምህር ሲለግም፥ ተማሪ ሲሰንፍ የሚጠሩት ይህንኑ ሐሳዊ ፀሐይ ነው። ብርሃኑ የሰማይ ነው፤ ትርጓሜውና ከትርጓሜው የሚወለደው ሥራ ግን የእኛ ነው።