የታየ ሁሉ ይታወሳልን?

ኦግመንትድ ሪያሊቲ በሚታይ እውነተኛ ሥፍራ ላይ ምስል፣ ድምፅና ጽሑፍ ደርቦ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 በራስ ላይ በሚጠለቅ መሣሪያ ጀመረው፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ይሠራል። በትምህርት ላይ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ጥንታዊ ነው፤ ዕውቀት የሚጸናው በማየት ነው ወይስ በማስታወስ? ፕላቶ በሶቅራጥስ አንደበት፣ ጽሕፈት ሰውን በውጫዊ ምልክት አስመክቶ ትዝታውን እንዳያዳክም ሰግቶ ነበር።

ብዙ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) በሚኖሩባት የእስራኤል ከተማ ኔታንያ ይህ ጥያቄ ቅርብ ነው። በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ የቆመ ተማሪ ስልኩን ቢያነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር የተጓዙት አያቶች መንገድ በአስፋልቱ ላይ ተደርቦ እንዲታየው ማድረግ ይቻላል። ልብ ይነካል፤ ብቻውን ግን ትምህርት አይሆንም።

ሃይማኖት ያለፈውን በአሁኑ ላይ መደረብን ቀድሞ ያውቃል። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ሚሽና በፋሲካ ሌሊት እያንዳንዱ ሰው ራሱ ከግብፅ እንደወጣ እንዲቆጥር ያዝዛል። ቤተ እስራኤልም ኦሪትን በግዕዝ ከቄሶች እየሰሙ፣ በስግድ በዓል ቀን እየጾሙ ተራራ እየወጡ፣ ያላዩዋትን ኢየሩሳሌም ለትውልዶች አስበዋል። ትዝታውን ያጸኑት ድግግሞሽ፣ የአካል ድካምና ማኅበር ናቸው።

የትምህርት ሥነ ልቦናም ይህንኑ ይደግፋል። ተማሪ ያየውን ደግሞ ከማየት ይልቅ፣ ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ሲናገር ይበልጥ ያስታውሳል፤ ልምምዱ በቀናት ልዩነት ሲደገም ደግሞ ይጸናል። ስለዚህ ምስሉ ጠቃሚ የሚሆነው አጭር ሆኖ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጁ አያቱን እንዲጠይቅና የሰማውን በራሱ ቃል እንዲተርክ ሲያነሳሳው ነው።