በአውሮፕላን የሚሄድ ተሳላሚ

ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአየር 335 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ያርፋል። በደሴ በኩል የሚሄድ መኪና የዚህን እጥፍ ያህል ተጉዞ፣ መንገድ ላይ አድሮ በማግስቱ ይገባል። በእግሩ የሚሄደው ደግሞ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሦስቱም የሚሳለሙት ያንኑ ቤተ ማርያምን ነው። ታዲያ በረከታቸው እኩል ነው?

እኔ ሸማ ተራ ነጋዴ ነኝ። የገና ጾም ሲጋመስ ተሳላሚ ወደ ሱቄ ይመጣል። በእግሩ የሚሄደው የሚጠይቀኝ ጋቢ ነው። እጁን በድርቡ መሐል አስገብቶ ውፍረቱን ይዳብሳል፤ ጠርዙን ይስባል፤ ወደ ብርሃን አንስቶ ሽመናው መጥበቁን ያያል። ሜዳ ላይ ሲያድር ምንጣፉም ልብሱም እሱ ነውና። በአውሮፕላን የሚሄደው ግን ጥለቷ ያማረ ስስ ነጠላ ይመርጣል። አንዲት ደንበኛዬ ነጠላዋን እያስጠቀለለች፣ «ጋሼ፣ እናቴ ላሊበላን የተሳለመችው በእግሯ ሄዳ ነው። እኔ በአንድ ሰዓት ደርሼ እንደሷ ይቆጠርልኛል?» አለችኝ።

መልሱ ከንጉሡ ከቅዱስ ላሊበላ ከራሱ ይገኛል። አባቶች እንደሚነግሩን፣ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ያስፈለፈለው ሕዝቡ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲወጣ በበረሃ እያለቀ ስላሳዘነው ነው። በ1187 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢየሩሳሌም በሳላዲን እጅ ገባች። አብያተ ክርስቲያናቱ ባሉበት በላስታ ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ፤ ጎልጎታና ደብረ ሲናም እዚያው ተሰየሙ። መንገድ ማሳጠር ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚጠየቀው ንጉሡ ነበር። እግዚአብሔር በረከትን በኪሎ ሜትር አይሰፍርም።

ነገር ግን በበረራው የሚቀር ነገር አለ፤ እሱም የመንገዱ ሰው ነው። እግረኛው ሲመሽበት «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል። በሩን የከፈተችለት ባልቴት ውሃ አሙቃ እግሩን ታጥባለች፤ ቆሎ ትዘግንለታለች፤ መደቡን ትለቅለታለች። ጠዋት ሲነሳ «ስሜን ጥራልኝ» ትለዋለች። ላሊበላን በዓይኗ ሳታይ፣ ባሳደረችው እንግዳ እግር ትሳለማለች። አውሮፕላኑ ግን በጣሪያዋ ላይ ያልፋል። እኛ እንደርሳለን፣ እሷ ድርሻዋ ይቀርባታል።

ይህ የክርስቲያኑ ብቻ ነገር አይደለም። የሱቅ ጎረቤቴ ሐጂ ጅዳ የደረሱት በሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። አያታቸው ግን ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግረው ነበር ሐጅ ያደረጉት። በመንገድ ያበሏቸውንና ያሳደሯቸውን የአፋር ቤተሰቦች የሐጂ ቤት እስከ ዛሬ በዱዓ ያነሳቸዋል።

ለደንበኛዬ እንዲህ አልኳት፦ «መሳለምሽ ይቆጠርልሻል ልጄ። የተረፈሽ ጊዜ ግን የብቻሽ አይደለም፤ የዚያች ባልቴት ድርሻ አለበት።»

ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። በገና ዋዜማ ደርሳችሁ በማግስቱ አትመለሱ። ቀደም ብላችሁ ሂዱና የእግረኛውን እግር ከሚያጥቡት የላሊበላ ሰዎች ጋር ቁሙ፤ ውሃ ቅዱ፤ ሜዳ ላይ ለሚያድረው የሚለብሰውን አካፍሉ። አቅም ያነሳቸው፣ የታመሙና ያረጁ በአውሮፕላን መሄዳቸው የተገባ ነው። ጉልበት ያለን ግን በረራው ያስቀረብንን ደግነት እዚያው ደርሰን መክፈል አለብን።