የሕፃን ልጅ ስንብት

ሰው ሰፈር ሲለቅ የሚወጣቸው ሐቆች አሉ። በዱቤ የወሰደበትን ሱቅ ይከፍላል። ከእድሩ ጋር ሒሳቡን ያወራርዳል። የተዋሰውን ድስትና መሰላል ይመልሳል። የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ «አውፍ ብለናል፣ አንተም አውፍ በለን» ይባላል። ይህ ሁሉ አባቶቻችን ያቆዩልን መልካም ወግ ነው። ለመሆኑ ግን በዚህ ሁሉ መሰነባበት ውስጥ የሕፃናቱ ድርሻ የቱ ነው?

ሕፃን ልጅ ዱቤ የለበትም፤ የእድር አባልም አይደለም። ስለ መዛወሩ ማንም አያማክረውም። አንድ ቀን ማለዳ ከፍራሹና ከብፌው ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ለአባትየው ያ ግቢ በሕይወቱ ከኖረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ለአራት ዓመቱ ልጅ ግን የሚያውቀው ዓለም በሙሉ ነው። ታዲያ ከሁሉም በላይ የሚያጣው እርሱ ሆኖ ሳለ ሳይሰናበት የሚሄደውም እርሱ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በራሴ ቤት የሆነ ነገር ነው። በ2009 እ.ኢ.አ. ከሰባተኛ ተነስተን የካ አባዶ ወደ ደረሰን ኮንዶሚኒየም ለመግባት ሦስት ቀን ቀርቶን ነበር። ቤቱ በማዳበሪያና በካርቶን ተሞልቷል፤ የዕቃው ግማሽ ገና አልታሰረም። ዙህር ሰግደን እንደጨረስን ባለቤቴ የያዘችውን ገመድ አስቀመጠችና «ልጆቹን ይዘን እንውጣ» አለች። «ወዴት?» ብላት «እነርሱ ይምረጡ» አለችኝ። የ7 ዓመቷ ልጄ ሳታመነታ «ባቡር!» አለች፤ የ4 ዓመቱ ታናሽዋም ተከትሎ ጮኸ።

የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ስለነበር ለልጆቹ ገና ብርቅ ነው። ዋጋውም ያኔ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ከሰባተኛ ተሳፍረን፣ አብነትንና ዳርማርን አልፈን፣ ልደታ ላይ ስንደርስ ሐዲዱ በድልድይ ላይ ወጣ፤ ልጆቹም መስኮቱ ላይ ተለጥፈው የቤቱን ጣሪያ መቁጠር ያዙ። ለገሃር ወርደን ሳምቡሳ ገዛንላቸው። ከጥንቱ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመውን የአንበሳ ሐውልት እየዞሩ ተሯሯጡ። ዐስር ሳይደርስ ለመመለስ ተሳፈርን።

በመመለሻችን ሁለት ጥያቄ ተጠየቅን። ልጅቷ «ይኼ ባቡር አዲሱ ቤታችን ድረስ ይመጣል?» አለች። ልጁ ደግሞ «ባለሱቁ አባባስ አብረውን ይሄዳሉ?» አለ። «አዎ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ የደስታ ቀን ለምን ይበላሽ? እናታቸው ግን «ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነው። አባባም እዚሁ ይቀራሉ። ለኢድ ግን መጥተን እንዘይራቸዋለን» አለቻቸው። ልጁ አለቀሰ፤ ሳምቡሳውም አላባበለውም።

ማታ አንድ ዘመዳችን ይህን ሰምቶ «ሥራ ጥላችሁ ሄዳችሁ፣ ገንዘብ አወጣችሁ፣ በመጨረሻም አስለቀሳችኋቸው። ታዲያ ምን ጠቀማችሁ?» አለን። ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሽርሽሩ ልጆቹን ለማስደሰት ብቻ ከነበረ እርግጥም ከስሯል።

ነገር ግን መደለያና ስንብት ለየቅል ናቸው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ያው ባቡርና ሳምቡሳ ናቸው። መደለያ ልጁ የሚያጣውን እንዳያይ ዓይኑን ይሸፍንበታል። ስንብት ግን የሚያጣውን እንዲያይ ይፈቅድለታል፤ በሚያይበትም ሰዓት እናትና አባቱ ሥራቸውን ትተው አጠገቡ ይቆማሉ። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንዲት እናት ልጇን አንድ ነገር እንደምትሰጠው ነግራ ስትጠራው፣ ነብዩ ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ነገረቻቸው። ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ተብሎ ይመዘገብባት እንደነበር መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እንግዲህ የአንዲት ተምር ነገር እንዲህ ከተመዘነ፣ ልጅ ስለሚለየው ቤቱ የምንነግረው ቃል ምን ያህል ይመዝን ይሆን? በዚህ ምክንያት «ለኢድ እንዘይራቸዋለን» የሚለውም ቃል ዕዳ ሆነብን። ኢዱ ሲደርስ ዕቃው ገና ተፈትቶ አላለቀም፤ መንገዱም ሩቅ ነበር። ቢሆንም ሄደን ዘየርናቸው።

«ማልቀስ ምን ይሠራል? አዲሱ ቤት ይሻላል አይደል?» የሚሉም አሉ። ሶሐቦች ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ የኛው ቢላል በትኩሳት ተይዞ ሳለ የመካን ሸለቆና ሣሯን እየጠራ ይናፍቅ ነበር። መዲና የእምነት ነፃነት ያገኙባት ከተማ ናት፤ መካ ደግሞ ቢላል የተሰቃየባት። ሆኖም ናፍቆቱ የእምነት ማነስ ተብሎ አልተቆጠረበትም። ነብዩ ያደረጉት ዱዓ መካን እንዲረሱ አልነበረም፤ አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በበለጠ እንዲያስወድዳቸው ነበር። የሻለ ቦታ ማግኘት የቀደመውን ፍቅር አይሽርም። ለትልቅ ሶሐባ የተፈቀደውን እንባ የ4 ዓመት ልጅ ለምን ይከለከላል?

ሌላው ክርክር «ልጅ ይረሳል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ምናልባት ልጄ ያን ቀን ዛሬ አያስታውሰውም። ግን የማያስታውስ ሰው ሐቅ የለውም ያለ ማን ነው? ጡት መጥባቱንም ማናችንም አናስታውሰውም። ሐቅ የሚጸናው ባለሐቁ ስለሚያስታውሰው ሳይሆን ስለሚገባው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በ2016 እና በ2017 እንኳ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ስንትና ስንት ቤተሰብ ተነስቷል። ወደ ባሕር ማዶ የሚጓዘውም ጥቂት አይደለም። ሦስት ቀን ለሁሉም አይገኝም፤ ለባቡርና ለሳምቡሳ የሚሆን ብርም ላይኖር ይችላል። ስንብቱ ግን ያን ያህል ወጪ አይጠይቅም። ልጁን እጁን ይዞ ግቢውን አንድ ጊዜ መዞር፣ ባለሱቁን ሰላም ማስባል፣ ለሚጠይቀውም እውነቱን መመለስ ይበቃል። ያልታሰረው ዕቃ ማታ ይታሰራል።

አላህ የምንገባበትን ቤት የሰላም ያድርግልን፤ የልጆቻችንን አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።