ጭሱ የት ቀረ?



ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የደብረ ሲና ነጋዴ አዲስ አበባ ላለ ደንበኛው ገንዘብ ለማድረስ ሲል ብቻ የጣርማ በርን ዳገት በመኪና መውጣት የለበትም። ያልተነዳ መኪና ናፍጣ አያቃጥልም። ይህ ኒዕማ ነው፤ ማንም አይክደውም።

ይሁን እንጂ «ዲጂታል ኢኮኖሚ ንጹሕ ነው» ሲባል እኔ እጠይቃለሁ፦ ንጹሕነቱ ለማን ነው? አገራችን ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ ነው። ባለፉት ዓመታት ከዚሁ ኃይል ሰፊ ድርሻ ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኮምፒውተሮች ሲሸጥ ቆይቷል። እነዚያ ኮምፒውተሮች አይጨሱም። በይፋት ቆላ ግን ብዙ እናቶቻችን ዛሬም እንጀራ የሚጋግሩት በእንጨት ነው። ዛፉ ይቆረጣል፤ ጭሱም በእናት ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

«መስመር ያልተዘረጋለት ኃይል ከሚባክን ተሽጦ ዶላር ቢያመጣ ምን ይጎዳል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ኃይልን ያለ ጥቅም ማባከንም ኢስራፍ ነውና። መልሴ ግን ይህ ነው፦ ውኃው የሁላችንም አማና ነው። የሽያጩ ገንዘብ ሽቦና ምሰሶ ሆኖ ያቺ ማድ ቤት ካልደረሰ ንጽሕናው የወረቀት ብቻ ነው። እንግዲያውስ የካርቦን ቅነሳውን ሒሳብ ከምድጃው እንጀምር።

ወላሁ አዕለም።