የሠራተኛው ሐቅና የፎገራ ሩዝ

 

የሦስቱን የዋሻ ሰዎች ታሪክ ያልሰማ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ከእኛ በፊት ከነበሩ ሕዝቦች ሦስት ሰዎች ዋሻ ውስጥ ሳሉ ቋጥኝ ተንከባልሎ በሩን ይዘጋባቸዋል። እያንዳንዳቸው ለአላህ ብለው የሠሩትን ሥራ እየጠቀሱ ይማጸናሉ። በኹጥባና በደርስ ላይ ጎልቶ የሚነገረው ለወላጆቹ ወተት ይዞ እንደቆመ ያነጋው ሰው ነው። ከዝሙት አፋፍ የተመለሰውም አይረሳም። ሦስተኛውን ግን እንደ ዋዛ እናልፈዋለን። ምናልባት ነጋዴዎቻችንና አሠሪዎቻችን ከፊት ረድፍ ስለሚሰግዱ ይሆን?

ሦስተኛው ሰው አሠሪ ነበር። ሠራተኛ ቀጠረ፤ የተስማሙበትም ደመወዝ አንድ ፈረቅ ሩዝ፣ ማለትም ሦስት ሷዕ ያህል ነበር። (ማሽላ የሚል ዘገባም አለ፤ ለእኛ አገር ሰው ግን የሩዙ ይቀርበዋል።) ሠራተኛው ደመወዙን ሳይወስድ ሄደ። አሠሪው ያንን ሩዝ ከራሱ ጎተራ አልቀላቀለውም። ዘራው፤ ያፈራውንም መልሶ ዘራው፤ በመጨረሻም ከብትና እረኛ ተገኘበት። ከዘመን በኋላ ሠራተኛው ተመልሶ ሐቁን ጠየቀ። አሠሪው ከብቶቹን ከነእረኛቸው እንዲወስድ ሲነግረው ያ ድሃ የሚቀለድበት መሰለው። አልተቀለደበትም፤ ሁሉንም ነድቶ ሄደ። ቋጥኙም ከዋሻው በር ተነሣ።

ሩዝ፣ ከብት፣ እረኛ! ታሪኩ ከይፋግ እስከ ወረታ ባለው ሜዳ ላይ የተፈጸመ አይመስልም? ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜኑ አገራችን ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ሙስሊም ነጋዴዎች በአሞሌ ጨው የሚገበያዩባት ከተማ። የፎገራ ከብት ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣ ነው። ሩዙ ግን የቅርብ እንግዳ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት ተሞክሮ፣ ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት እያጥለቀለቁት ብዙም የማይታረሰውን መሬት የገንዘብ ምንጭ አደረገው። በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተደረደሩ፤ ቤት ተሠራ፤ ሱቅ ተከፈተ፤ ሐጅ ተሄደ። አልሐምዱሊላህ! አላህ ለሰጠው ሲሳይ ምስጋና ይገባዋል። ሩዝ ግን ብዙ እጅ የሚፈልግ እህል ነው። አረሙ አንድ ጊዜ ታርሞ አያበቃም፤ አጨዳው በአንድ ሰሞን ይደርሳል፤ ውቂያው አለ፤ ሸክሙ አለ። ይህ ሁሉ እጅ የማን ነው? ስንትስ ይከፈለዋል?

አንድ የአጨዳ ሰሞን ይፋግ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለሁ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከአንድ ዘመዴ ጋር ወደ መንገዱ ወጣን። ከደጋው የወረዱ ሰዎች ማጭዳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል። በረንዳ ላይ ያደሩ ናቸው። ዘመዴ መሬት ተከራይቶ ሩዝ የሚያስመርት ነጋዴ ነው። ወደ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ጠጋ ብሎ የቀኑን ዋጋ ነገረው። ሰውዬው ከትናንቱ ያንሳል ብሎ ተከራከረ። ዘመዴ ፊቱን ወደ ሌላው ሲያዞር ግን «እሺ ሐጂ፣ እንደ ወደዱ ያድርጉት» አለ።

በመንገዳችን ላይ ከትናንቱ ለምን እንዳነሰ ጠየቅሁት። ዛሬ የመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ እንደሆነ ነገረኝ፤ ዋጋውንም እርሱና ሌሎቹ አስመራቾች ማታውኑ ተነጋግረውበታል። «ደግሞስ ራሱ ተስማምቶ አይደል?» አለኝ። ዘመዴ መጥፎ ሰው አይደለም። ረመዷን ላይ በሩ ለድሆች ክፍት ነው፤ ዘካውንም በሒሳብ ያወጣል። ያን ቀን እኔም ከሩዙ በልቼ ነው የወጣሁት።

ይሁን እንጂ ያቺ «እንደ ወደዱ» የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ ንግድ በመዋደድ እንዲሆን አዝዟል፤ በሌላ መንገድ የሰውን ገንዘብ መብላት ከልክሏል። ለመሆኑ ትናንት ራት ሳይበላ ያደረ፣ ዛሬም ካልተቀጠረ የሚጾም ሰው «እንደ ወደዱ» ሲል ወድዶ ነውን? አንደበቱ ተስማማ፤ ሆዱ ግን ምርጫ አልነበረውም። ነቢዩ ሹዐይብም (ዐ.ሰ.) ሕዝባቸውን ያስጠነቀቁት ሚዛንን ስለ ማጉደል ብቻ አልነበረም፤ የሰዎችን ነገር ሁሉ እንዳያጎድሉም አሳስበዋል። ጉልበት የሰው ነገር ካልሆነ ምን የሰው ነገር ሊሆን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እናድርግ። ለመንግሥት ሠራተኞች በመስከረም 2018 በተደረገው ጭማሪ ዝቅተኛው ወርሃዊ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለሠላሳ ቀን ቢካፈል በቀን 200 ብር ነው። የፎገራ አስመራች ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል፤ «እኔ በቀን ከዚያ በላይ እከፍላለሁ!» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ስንት ቀን? አረም የክረምት ነው፤ አጨዳ የኅዳርና የታኅሣሥ ነው። የመንግሥት ዘበኛው ጥርና የካቲትም ይከፈለዋል፤ ቢታመም ይከፈለዋል፤ ሲያረጅ ጡረታ አለው። የቀን ሠራተኛው ግን በጥቂት ሳምንታት የለፋበት ዓመቱን ሊያደርሰው ነው። ዋጋ በቀን ይቆጠር ይሆናል፤ ረሃብ ግን ወቅት አይጠብቅም። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ልብሱም ምን እንደሆነ ለይፋግ ሰው አልነግረውም።

አገር ውስጥ ያለው ሥራ ካላኖረ ሰው ይሰደዳል። የይፋግና የአካባቢዋ ወጣት ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ሲወርድ የኖረው ለዚህ ነው። ምን ይዞ እንደተመለሰ የሊቦ ከምከም ሰው አይረሳውም። በ1997 ገደማ በወረዳው ሰው በትኩሳት ይረግፍ ጀመር፤ መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተባለ፤ ኋላ ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በደጋው ጠርዝ ያልተለመደ በሽታ ነው። ከቆላው እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይዘው እንዳልመጡ በጊዜው ያጠኑት ሐኪሞች ገምተዋል። እናቶችና ሕፃናት ሞቱ። እንግዲህ በአንድ መንደር ጉልበት ሲረክስ ኪሳራው በሠራተኛው ላይ ብቻ አይቆምም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። በአገራችን በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል ሳይኖር ብዙ ዘመን አልፏል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 ላይ የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደነገገ፤ ቦርዱም መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት ሆኖ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዲከልስ፣ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተባለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሜይ ዴይ በዓል ላይ «ደንቡ የት ደረሰ?» እያለ ሲጠይቅ ሰምተናል። አዋጁ በወጣበት ዓመት አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ልብስ ሰፊ ልጃገረዶች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው እንደሆነ ገልጾ ነበር። የእኛን እህቶች ርካሽነት ለባዕድ ባለሀብት ማስታወቂያ ያደረግንበት ዘመን መሆኑን ሳስብ አፍራለሁ።

ተቃዋሚዎቹ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ከመካከላችን ያሉት ሐዲስ ይጠቅሳሉ፦ በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ዋጋ እንዲተመን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቢለምኑ፣ ማንንም በደል ሳይፈጽሙ ጌታቸውን መገናኘት እንደሚፈልጉ ገልጸው እምቢ ብለዋል። ሐዲሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ኢብን ተይሚያ «አል-ሒስባ» በተሰኘው ሥራቸው እንዳብራሩት፣ ያ የሆነው ዋጋው ያለማንም ተንኮል በወጣበት ጊዜ ነው። ሻጮች ወይም ገዢዎች ተመካክረው ሌላውን ሲጎዱ ግን ትክክለኛውን ዋጋ ማስያዝ ለሹም ግዴታው ይሆናል። ሸማኔ፣ ግንበኛና ገበሬን ጠቅሰውም ሕዝብ የሚፈልገው ሥራ በተመሳሳይ ሥራ ፍትሐዊ ክፍያ እንዲሠራ፣ አሠሪም ሠራተኛም እንዳይበደሉ ሹሙ ማስገደድ እንደሚችል ጽፈዋል። ስለዚህ ዘመዴንና ጓደኞቹን ልጠይቃቸው፦ ማታውኑ ተነጋግራችሁ የሰውን ቀን ዋጋ ስትወስኑ ተመን አወጣችሁ ማለት አይደለምን? ሀብታም ሲተምን ገበያ፣ መንግሥት ሲተምን ዙልም የሚሆንበት ፊቅህ የት ነው የተማርነው?

በእርግጥ ሐቁን ለመናገር አብዛኞቹ ዑለማዎች ደመወዝን የሚያዩት በውል ነው፤ የሠራተኛውን ቤተሰብ ሙሉ ቀለብ በአሠሪው ጫንቃ ላይ አይጭኑም። ጉድለቱን የሚሞላው ዘካና በይተል ማል ነው። ይህን አልሸሽግም። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሕዝብ ሥራ ለተሾመ ሰው ምን እንደፈቀዱለት አቡ ዳውድ ዘግበዋል፦ ሚስት ከሌለው ሚስት፣ አገልጋይ ከሌለው አገልጋይ፣ ቤት ከሌለው ቤት። አቡ በክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆነው ሳለ ጨርቅ ተሸክመው ገበያ ሲወጡ፣ ለቤተሰባቸው የሚበቃ ቀለብ ከሕዝብ ገንዘብ ተቆረጠላቸው። መለኪያው የቤተሰብ ፍላጎት ነበር። ዑመርም (ረ.ዐ.) የሐጢብ ቤተሰብ ባሪያዎች የሰው ግመል ሰርቀው ባረዱ ጊዜ፣ ጌታቸው እንደሚያስርባቸው ሲረዱ እጃቸው እንዳይቆረጥ አደረጉ፤ ጌታቸውንም 400 ዲርሃም ለምታወጣው ግመል 800 ከፋይ አደረጉት። ስርቆት በዛ ብሎ በኹጥባ የሚያማርር ኢማም ይህንንም አብሮ ቢያነሣ ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሩዝ አስመራች ሁሉ ሀብታም አይደለም። ሁለት ጥማድ መሬት ያላት ባሏ የሞተባት ሴት አረም ሲያጥለቀልቃት ሰው ትቀጥራለች፤ ወለሉ ከፍ ቢል ማሳዋ ሳይታረም ሊቀር ነው፤ ያ ደገኛም ሳይቀጠር ሊመለስ ነው። ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ የደመወዝ ወለል ሥራ ሊቀንስ ይችላል የሚሉት ምሁራን የሚያነሡትም ይህንኑ ነው። ለእንዲህ ያለችው ሴት መፍትሔው ወንፈልና ደቦ ነው፤ አባቶቻችን ያለ ብር የኖሩበት። በተረፈ ለመፈልፈያ ባለቤቱ፣ መሬት ለሚያከማቸው ተከራይ፣ ሩዝ በርካሽ ገዝቶ ለሚያከማች ነጋዴ እርሷ መሸሸጊያ ልትሆንለት አይገባም። የድሃዋን ሴት ስም እየጠራ የሚከራከረው ሁልጊዜ ባለመኪናው መሆኑ ይገርመኛል።

ሠራተኛው ከፋርጣ የወረደ ክርስቲያን ነው ብሎ የሚያቀልም አይጠፋም። ነቢዩና አቡ በክር በሂጅራቸው መንገድ እንዲመራቸው የቀጠሩት ሰው ሙስሊም አልነበረም፤ ሠራተኛቸው ነበር፤ በውላቸው መሠረትም ሠራላቸው። በቂያማ ዕለት አላህ ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛን አሠርቶ ደመወዙን ያልሰጠ መሆኑን ቡኻሪ ሲዘግቡ የሠራተኛው ሃይማኖት አልተጠቀሰም።

ደንቡ ቢወጣም ከፋብሪካ በር አልፎ እስከ ርብ ዳር ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በሩዝ ማሳ መካከል የሚዞር ተቆጣጣሪ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ለይፋግና ለወረታ ጀማዓ የምለው ይህ ነው። አስመራቾች ማታ መነጋገር ካልቀረላችሁ፣ ከአጨዳ በፊት ባለው ጁሙዓ በመስጊድ ተነጋገሩ፤ ከሠራተኞቹም ሁለት ሦስት ሰው ጥሩና አስቀምጡ። ከዚህ በታች አንከፍልም የምትሉትን አንድ ዋጋ ቁረጡ፤ ሰው በበዛበት ማለዳም አታውርዱት። ለሴቷም ያው ይሁን። ከምትበሉት አብሉ፤ ማደሪያ ስጡ፤ ሒሳቡን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጉ።

ይህን ሐሳብ ለዘመዴ ነግሬዋለሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ሌሎቹ ባያደርጉትስ?» አለኝ። እኔም የዋሻው ሰው ያንን ሩዝ ሲዘራ ጎረቤቶቹን ጠይቆ እንደሆነ መልሼ ጠየቅሁት። ሳቀ። ለኅዳር አጨዳ እንድመጣ ጋብዞኛል፤ ኢንሻአላህ እሄዳለሁ።