የእጅ ሥራ ስጦታና የቤተሰብ ዕርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፥ የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር ለወላጆቻችን ምን ይዘን እንደምንገባ እናስባለን። የተማሪ ኪስ ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባለፈው የልደት በዓል እኔና ታናሽ እኅቴ ተመካክረን ለሳሎኑ መብራት የሚሆን አባዡር ከዋንዛ እንጨት ሠራን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ የምወደው ይህ ሥራ ስለ ስጦታና ስለ ዕርቅ ያስተማረንን ነው።

በመጀመሪያ፥ የእጅ ሥራ በእግዚአብሔር ዘንድ የተናቀ አለመሆኑን እናስታውስ። ለደብተራ ኦሪት ሥራ የተመረጠው ባስልኤል እንጨት የመቅረጽ ጥበብ ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሰጠው በዘጸ. ምዕ. 31 ተጽፏል። ጌታችንም በናዝሬት ሰዎች ዘንድ ጸራቢ ተብሎ ይታወቅ ነበር (ማር. 6፥3)። አባቶቻችን በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ እንጨቱን በልዩ ልዩ የማዕዘን ቅርጽ እንዴት እንዳጋጠሙት ያየ ሰው፥ መጋዝና መላጊያም ለአምልኮ እንደሚያገለግሉ ይረዳል።

ወደ አባዡሩ ልመለስ። ቅርጹ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ስድስት እኩል ቁራጭ ጣውላዎች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው አንድ ቀለበት ይሆናሉ፤ ቀለበቶቹም ብርሃን የሚያልፍበት ክፍተት በመካከላቸው እየተተወ ይደራረባሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው፤ ለስድስት ሲካፈል 60 ይሆናል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሁለት ጫፎች ስለሚገናኙ የአንዱ ጫፍ ድርሻ 30 ዲግሪ ነው። ለአንድ ቀለበት እንግዲህ 12 ጊዜ ይቆረጣል።

አሁን እያንዳንዱ ጫፍ በ30 ፈንታ በ29 ዲግሪ ተቆረጠ እንበል። የአንድ ዲግሪ ጉድለት በዓይን አይለይም። የመጀመሪያው መጋጠሚያ ደኅና ይመስላል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ስድስተኛው ጣውላ ከመጀመሪያው ጋር ሊገናኝ ሲል ግን የ12 ዲግሪ ክፍተት አፉን ከፍቶ ይታያል። የማያውቅ ሰው ስድስተኛውን ጣውላ ይወቅሳል፤ ወይም ክፍተቱን በኮላ ሊደፍን ይሞክራል። ጉድለቱ ግን ከአሥራ ሁለቱም ጫፎች የተጠራቀመ ነው።

ለዚህ ነገር የሰፈራችን አናጢ መላ አሳዩን። ስድስቱን በአንድ ጊዜ መግጠም ሳይሆን፥ ሦስቱን ለብቻ፥ ሦስቱን ለብቻ በኮላ ማጣበቅ፤ ሲደርቅ ሁለቱን ግማሾች ፊት ለፊት አድርጎ የሚገናኙበትን ጫፍ ከሁለቱም ወገን ቀጥ እስኪል መላግ። ከሁለቱም ወገን ጥቂት ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱ ይዘጋል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ የብዙ ቤተሰብ ነገር እንዲህ አይደለምን? ጠቡ የሚፈነዳው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ የተጠራቀመው ግን ከሁሉም ነው። ያልተመለሰ ሰላምታ፥ በሰው ፊት የተነገረ ሽሙጥ፥ ሳይጠየቅ የቀረ በሽተኛ፥ እያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ነው። በእኛም ቤት ታላቅ ወንድማችንና አባታችን ከተቀያየሙ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ከሁላችንም የጎደለ ነበረ፤ የሚወቀሰው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጌታችን በማቴ. 5፥23-24 መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው መሆኑ ትዝ ቢለው፥ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዝዛል። እኔና እኅቴ ይህን ስናነብ የወላጆቻችን ስጦታ ያለ ወንድማችን ጎዶሎ መሆኑ ተሰማን። ሄደን አነጋገርነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱንና ቫርኒሽ መቀባቱን ለእርሱ ተውንለት። የንስሐ አባታችንም አባታችንን አነጋገሩልን። በበዓሉ ዕለት ወንድማችን መጣ፤ አባታችንም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉት። ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አለቀ አልልም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ሁላችንም በአንድ ማዕድ ተቀመጥን።

በመጨረሻ፥ ስለ አምፖሉ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚለውጠው ወደ ሙቀት ነው፤ ከእንጨት አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቢበራ እንጨቱን ያደርቃል፥ ያጠቁራል፥ ለእሳትም አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል አገባንበት፤ ይህ የድሮውን ባለ 60 ዋት ያህል ያበራል፥ ሙቀቱ ግን ጥቂት ነው። አስታራቂም እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። እውነትን እየተናገርን በቁጣ ብናቃጥል፥ ሊሰማን የቀረበውን ወንድም አጥቁረን እንመልሰዋለን። ብዙ ብርሃን፥ ጥቂት ሙቀት ያስፈልጋል።

ያው የማቴዎስ ምዕራፍ 5 ከመባው ትእዛዝ አስቀድሞ በቁ. 15 ስለ መብራት ይናገራል፤ መብራት የሚበራው በቤት ውስጥ ካለው ሰው አንድም ሳይቀር እንዲያይበት ነው። እንግዲህ ለበዓል ወደ ቤታችን ስንገባ እጃችን ምን እንደያዘ ብቻ ሳይሆን፥ ከማዕዱ ማን እንደጎደለ እንመልከት። የጎደለ ቢኖር እርሱን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጫፍ እንላግ።

የሰላም አለቃ መድኃኔ ዓለም ለየቤታችን ፍቅርንና አንድነትን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።