መንገዱ የማን ነው?

ሰው በማያውቀው አገር፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ብቻውን የመሄድ መብት አለው ወይ? ጥያቄውን ላይ ላዩን ሲያዩት መልሱ ቀላል ይመስላል። እግር የራስ ነው፤ መንገድ የሁሉ ነው፤ ታዲያ ከልካዩ ማነው? ይባላል። ነገር ግን መንገዱ በሰው ደጅ የሚያልፍ ሲሆን፣ የሚረገጠው ሣር ለአንድ ገበሬ የበሬው ቀለብ ሲሆን፣ የሚያየው ሰው ጠግቦ የሚታየው ሰው ተርቦ ሲገኝ፣ መልሱ የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ የውጭ አገር ሰዎች ልማድ ብቻ መስሎ ይታይ የነበረ አንድ ዓይነት ጉዞ ዛሬ በአዲስ አበባ ሰው ዘንድም እየተለመደ መጥቷል። ተጓዡ ሁለት ሦስት ቀን በአንድ ታሪካዊ ከተማ ይሰነብታል። ከዚያም ጓዙን ሆቴል አስቀምጦ፣ ጥቂት ስንቅና ውኃ ይዞ፣ ያለ አስጎብኚ በዙሪያው ወዳሉት የተራራ መንደሮች በእግሩ ይወጣል። መንገዱን የሚያሳየው በእጁ የያዘው የስልክ ካርታ ነው። የዚህ ጉዞ ወዳጆች በሁለት ነገር ያመሰግኑታል። አንደኛ፣ ከተማው ያለፈውን ዘመን ሲያሳይ መንደሩ ደግሞ ያላለፈውን ያሳያል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሰው ነጻ ነው፤ ሲሻው ይቆማል፣ ሲሻው ይሄዳል፣ ማንም አያጣድፈውም፣ ማንም በቃሉ ያጠናውን አይደግምለትም።

በበኩሌ ይህን ደስታ አልንቀውም። በእግር ያልሄዱበትን አገር አየሁት ለማለት ይቸግረኛል። ለምሳሌ ላሊበላን እንውሰድ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከከተማው በላይ አሸተን ማርያም ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷም በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር አልፎ ይታያል። ቤተ ጊዮርጊስን ከጉድጓዱ አፋፍ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከጥቂት ሰዓት አቀበት በኋላ በገብስ ማሳ መካከል ቆሞ ከተማውን በሙሉ ቁልቁል ሲያይ፣ በጉብኝት መጽሐፍ የማይገኝ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ለመሆኑ ያን ሁሉ ድንጋይ የፈለፈሉትን እጆች ማን መገባቸው? እህሉ ከየትኛው ማሳ ወረደ? ከተማው ያለ ተራራው እንደማይቆም የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ከተማና ተራራ በዓለም መዝገብም ላይ አብረው ነው የገቡት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከኢትዮጵያ የተመረጡት ሁለቱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነበሩ። አንዱ የሰው ልጅ እጅ ሥራ ነው፤ ሌላው የተፈጥሮ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰው፣ ማለትም ከቤተ መቅደሱ አጥር ሥር ጎጆ የቀለሰውንና ዋሊያው በሚግጥበት ገደል አፋፍ ላይ ገብስ የሚዘራውን ግን ማንም በቅርስነት አልመዘገበውም። ኋላ በላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። በስሜንም የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 የገባበትን የአደጋ መዝገብ ለቆ የወጣው በ2017 ነው። የግጦሹ ጫና እውነተኛ ነበር፤ የዋሊያውም ስጋት እውነተኛ ነበር። ይህን አልክድም። ቢሆንም የሚጎበኘውን ለመጠበቅ ሲባል የሚነሣው ምንጊዜም የሚኖረው ሰው መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። እንግዲህ በእግሩ የሚዞረው ሰው ወደ መንደሩ ሲገባ የሚገባው በዚህ ታሪክ ላይ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊያነሣ ይችላል። ያለ መሪ መጓዝ ለአገራችን መች አዲስ ሆነና? ይል ይሆናል። እውነት ነው። ለገና በዓል ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ለመድረስ ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት በእግሩ የሚጓዝ ብዙ ሺህ ምእመን አለ። አስጎብኚም ካርታም የለውም። ነገር ግን ይህ ሰው እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት። በየመንደሩ መንገድ ይጠይቃል። ሲመሽበት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ውሻ እንዲያዝለት ይለምናል። ማነህ ሲባል የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል። ግባ እስኪባል ድረስ እግሩን አያነሣም። ባለቤቱም አገሩን፣ ደብሩን፣ የመጣበትን ጉዳይ ይጠይቀዋል፤ እሱም ይመልሳል። መሪ አልቀጠረም እንጂ መሪ አላጣም። መሪው የየመንደሩ ሰው ነው።

የስልክ ካርታ የያዘው ተጓዥ ግን ማንንም አይጠይቅም፤ ማንም እንዳይጠይቀውም ይሻል። ነጻነት የሚለው ይህንኑ ነው። ከተሳላሚው የሚለየው እንግዲህ መሪ ባለመያዙ አይደለም፤ የሰው ውለታ ሳይኖርበት በሰው አገር ለማለፍ መፈለጉ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ውለታ የሌለበት ጉዞ ትውውቅም የለበትም። ሰውየው መንደሩን ያያል፤ መንደሩ ግን እሱን አላየውም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም ባሳተመው ድርሰቱ ይህን ጉዳይ በሚገባ ለይቶታል። እንደ እርሱ ከሆነ ምድር ክብ ስለሆነች የሰው ልጆች ያለ ገደብ ሊራራቁ አይችሉምና ባዕድ ሰው በሌላው አገር ሲደርስ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው። ይህ የመጎብኘት መብት ነው። በእንግድነት ተቀብሎ የመስተናገድ መብት ግን የለውም፤ ለዚያ የባለቤቱ ልዩ ስምምነት ያስፈልጋል። ካንት ይህን የጻፈው የአውሮፓ ኃያላን «ጎበኘን» እያሉ የሰው አገር ይይዙ በነበረበት ዘመን መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ እንረዳለን። ስዊድኖችም ማንም ሰው በሌላው መሬት ላይ በእግሩ እንዲያልፍ የሚፈቅድ የቆየ መብት አላቸው። የዚያው መብት ግማሽ ደግሞ ግዴታ ነው፤ አታውክ፣ አታበላሽ፣ ወደ መኖሪያ ቤት አትጠጋ ይላል።

የኛ ባህል ከካንት ይልቅ ለጋስ ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ መንገደኛ ይጠብቅ እንደነበር ከልጅነታችን የተነገረን ነን። ባለቤቱ እንግዳን መቀበል እንደ ግዴታው ይቆጥራል። ችግሩ የሚመጣው ግን ከዚሁ ደግነት ነው። እንግዳ መመለስ ነውር በሆነበት አገር ድሃው ባለቤት እምቢ ማለት አይችልም። ለልጆቹ ያሰበውን እንጀራ ያቀርባል፤ ለገበያ ያስቀመጠችውን እንቁላል ትቀቅላለች። ታዲያ እምቢ ሊል የማይችልን ሰው ለምኖ መቀበል በእርግጥ መጠየቅ ነው ወይስ መውሰድ? ተሳላሚው ይህ ጥያቄ ብዙም አይነካውም። እሱም በአገሩ እንግዳ ይቀበላል፤ ብድሩ በዘመን ይዞራል። የከተማው ጎብኚ ግን ያ ገበሬ አዲስ አበባ ቢመጣ በሩን ይከፍትለታል? ከአጥሩ ውጭ «ቤቶች!» ቢል ዘበኛው ምን ይለዋል? የመልስ ወረታ በሌለበት የእግዜር እንግዳ ነኝ ማለት የድሃን ባህል ለራስ ጥቅም ማዋል ነው።

እንግዲያው ገንዘብ ይከፈል ቢባልስ? ቢከፈል ጥሩ ነው፤ ግን አከፋፈሉም ሥርዓት ይሻል። ለሕፃን በመንገድ ላይ የሚሰጥ ብር ወይም እስክሪብቶ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ይልቅ መንገድ ዳር መቆም እንደሚያዋጣ ያስተምረዋል። ለአንዱ ቤት ተሰጥቶ ለሌላው የሚቀር ስጦታ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። በዚህ ረገድ ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው በመቄት ወረዳ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የተሞከረው «ተስፋ» የተባለው አሠራር የሚያስመሰግን ነው። የመንደሩ ሰው በገደሉ አፋፍ ላይ ለእንግዳ ማረፊያ ጎጆ ሠራ። እንግዳው አስቀድሞ ቦታ ያስይዛል። ጓዙ በአህያ ይጫናል፤ የአካባቢው ሰው ከመንደር መንደር ያደርሰዋል፤ ገቢውም ለማኅበረሰቡ ይደርሳል። በአንድ ሌሊት የሚያድሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። የዚህ አሠራር ዋና ቁም ነገር ገንዘቡ አይመስለኝም። ቁም ነገሩ ባለቤቱ ስንት እንግዳ፣ መቼና የት እንደሚቀበል ራሱ መወሰኑ ነው። እምቢ የማለት አቅም አገኘ ማለት ነው። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው እሺ ሲል እሺታው የሚታመነው።

አስጎብኚ የያዘ ሁሉ ግን ጨዋ ነው ማለቴ አይደለም። አስጎብኚው በእንግዳውና በመንደሩ መካከል አጥር የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ያም ሆነ ይህ በላሊበላ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደረው በአስጎብኚነት፣ በበቅሎ ኪራይና በሆቴል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 የወረርሽኙ ወራት ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በተነሣው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከተማዋም በ2021 ከእጅ ወደ እጅ በተፈራረቀችበት ጊዜ፣ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ያ ገቢ ክፉኛ ተመትቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ መሪ ልሂድ የሚል ሰው አደጋው የራሱ ብቻ እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል። ያልታወቀ ሰው በመንደር ውስጥ ሲያልፍ ማነው፣ ከማን ወገን ነው መባሉ አይቀርም። እሱ ካለፈ በኋላ መልስ ስጡ የሚባሉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ እንዳይታይ ወደምኖርበት ሰፈር ልመለስ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። ዛሬ ስሙ ቀርቶልናል፤ ግራሩን መፈለግ ግን ብዙ ያደክማል። ከጀሞና ከለቡ ወዲያ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የፉሪ ተራራ ይታያል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የስፖርት ጫማውን አጥልቆ ወደዚያ የሚወጣ ጎረቤት ሞልቷል። የሩቁን መንደር ጥያቄ እዚሁ ደጃችን ልንፈትነው እንችላለን ማለት ነው። ያ ወጣት በማሳው ዳር ሲያልፍ ገበሬውን በገበሬው ቋንቋ «አካም» ለማለት የምትበቃ አንዲት ቃል ተምሯል? ወይስ የገብሱን ፎቶግራፍ ብቻ አንስቶ ይወርዳል?

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። እኛ የምንኖርባቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ቪላዎች ብዙዎቹ የቆሙት ትናንት ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚለው ሕግ መሠረት ገበሬው ሲነሣ የሚከፈለው የመሬቱ ዋጋ ሳይሆን ካሳ ነበር። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ይህንኑ ደነገገ፤ በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ካሳውን አሻሻለ እንጂ መሠረቱን አልለወጠም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ቀጥፎ፣ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙን አንረሳውም። ፉሪም ዛሬ በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። እንግዲህ እሑድ ጠዋት በማሳው ዳር እያለፍን የገጠር ሕይወት እንዴት ውብ ነው ስንል፣ ያው ዓይነት ማሳ ከቤታችን ወለል ሥር መኖሩን አስታውሰን መሆን አለበት። የሩቁን መንደር እንደ ጥንቱ እንዲቆይልን እየተመኘን የቅርቡን መንደር የምንውጥ ከሆነ የምንወደው መንደሩን አይደለም፤ እይታውን ነው።

ታዲያ አንሂድ ማለቴ ነው? አይደለም። የማይተያይ ሕዝብ ስለ ሌላው የሚያውቀው ወሬ ብቻ ነው፤ በወሬ የተዋወቁ ሰዎች መጨረሻ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዘመናችን አይተናል። ልሂድ የሚል ሁሉ ይሂድ። ሰላም በሆነበት አገርና ጊዜ፣ ባለቤቱ በወሰነው መንገድ፣ ባለቤቱ የተመነውን ከፍሎ ይሂድ። መንገዱን ቢያውቀውም ይጠይቅ፤ መጠየቅ የማላውቀውን ማወቂያ ብቻ አይደለም፣ አገሩ የአንተ ነው ብሎ መመስከሪያም ነው። እምቢ ሲሉት ሳይከፋው ይመለስ። ስሙንና የመጣበትን ሲጠይቁት ይናገር፤ እሱ ሊያያቸው የመጣውን ያህል እነሱም ሊያዩት መብት አላቸውና። አገሩ ሲመለስ ደግሞ የራሱን በር ይመልከት። ሌላው ሰው አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲጣራ ግባ የሚል ድምፅ ከውስጥ የማይወጣ ከሆነ፣ በሰው ተራራ ላይ በነጻነት ዞርኩ ብሎ የሚመካበት ምክንያት አይታየኝም።